አራት መቶ አሥራ ሁለት ካርድ የነከሰች አይጥ

ፓዌ፣ መንደር 7
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአቶ ሰራዊት
አሶሳ

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤህ በሹፌሩ በሰዳም እጅ ደርሶኛል። ከሽንኩርት ጆንያ ሥር አስቀምጦት ስለመጣ የመጀመሪያውን ገጽ ያነበብኩት እያለቀስኩ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን እንባዬ ደርቆ ተናድጃለሁ።

አንተ ስልህ አትቀየመኝ። ሃምሳ ዓመቴ ነው ትላለህ፣ መሥሪያ ቤትህ ስድሳ ነው ይላል። እናንተ እስክትስማሙ ድረስ እኔ ስድሳ አምስቴን ይዤ አንተ እላለሁ።

የጠየቅኸኝን በተራ ልመልስ። አዎ፣ በሰፋሪዎች መመዝገቢያ ካርዶች ሳጥን ላይ «በሺ፦ ሰ/ወንጌል» ተብላ የተጻፈችው እኔ ነኝ። አይ፣ አልሞትኩም። ሞታለች ያለህን ሰው ካገኘኸው ሰላም በልልኝ። ስልክ የማላነሳውም በኩራት አይደለም። ስድስት ዓመት ከሦስት ወር አዲስ አበባ ማሽን ክፍል ውስጥ ካርድ ስበሳ ኖሬ፣ ጆሮዬን እዚያው ትቼው ስለወጣሁ ነው። አሥራ ስምንት ማሽን በአንድ ክፍል ሲንጫጫ ሰምተህ አታውቅም። አለማወቅህ ይሻልሃል።

በንብረት መዝገባችሁ ላይ «ወፍጮ፣ የተበላሸ፣ ብዛት 1» የተባለው ብረት ወፍጮ አይደለም። በሣልከው ሥዕል እንዳየሁት የካርድ መለያ ማሽን ነው። ካርዱን በአንድ ጎን ታጎርሰዋለህ፣ የሽቦ ብሩሹ ቀዳዳዋን ዳስሶ ያገኛትና እያንዳንዱን ካርድ ወደየኪሱ ይጥለዋል። ወንዱን ከሴቱ፣ ሕፃኑን ከአዋቂው ሳይደክመው ይለያል። ከባምባሲ የመጣ ሰው በቆሎ ጨምሮበት እንቢ አለው ብለሃል። እንቢ ማለቱ ተመስገን ነው።

አሁን ወደ ጉዳይህ። ከካርድህ ላይ ቀዳዳዎቹን ገልብጠህ መላክህ ጥሩ ነው፣ ንጹሕ እጅ አለህ። ዓምድ ሃያ ሦስትና ሃያ አራት ዕድሜ ነው። አንድ እና ስምንት ተበስቷል። ዓምድ ሃያ አምስት ጾታ ነው። ሁለት ተበስቷል። ሁለት ማለት ሴት ማለት ነው። እንግዲህ በ1976 ዓ.ም. ወደ ሰፈራው ስትገባ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጃገረድ ነበርክ። ዘንድሮ ስድሳ መሙላትህ ልክ ነው። ልጃገረድነትህን የት እንዳደረስከው አንተ ታውቃለህ።

«ስበሳ ተሳስቻለሁ ብለው የምስክርነት ቃል ይጻፉልኝ» ላልከው አልጽፍም። ግድግዳዬ ላይ «ያለ አንዳች ስህተት» የሚል የምስጋና ወረቀት ተሰቅሏል። የተፈረመበት እንጂ እኔ የጻፍኩት አይደለም። በማሽን ክፍሉ ታሪክ ይህን ያገኘሁ እኔ ብቻ ነኝ። ምናልባት ሰራዊት የምትባል እህት ነበረችህና ካርዱ የእርሷ ይሆናል። ምናልባትም ዕድሜህን እየቀነስክ ነው፤ ወንዶች ያደርጉታል።

ሰብለወንጌል


አሶሳ
ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ ሰብለወንጌል

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ፣ ባለቤቴ ሕብረትና ልጆቼ ደህና ነን። በመጀመሪያ ስለ ሽንኩርቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህኛው ደብዳቤ ከሾፌሩ መስታወት በላይ እንዲቀመጥ አደራ ብያለሁ።

ሰራዊት የምትባል እህት የለችኝም፣ አልነበረችኝምም። ካርዱ የእኔ ነው። የአባቴ ስም፣ የመጣንበት ቀበሌ፣ የቤታችን ቁጥር ሁሉ ልክ ነው። ልጃገረድነቴንም በሕፃንነቴ ከፍዬበታለሁ። የሰፈራ አምባችን ሴቶች ማኅበር ስብሰባ በተደረገ ቁጥር ስሜ ይጠራ ነበር፣ ቀሪ ይቀጣል። የስምንት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ እናቴ ውድነሽ ሁለት ጊዜ ተሰልፋ ሁለት ጊዜ ትፈርም ነበር፤ አንዴ ለራሷ፣ አንዴ ለእኔ። ሥራ ስቀጠር ጸሐፊው አንገቱን አቅንቶ አየኝና «ሴ» የሚለውን ሰርዞ «ወ» አደረገ። ዕድሜዬን ግን አልነካም። ጾታ ፊት ላይ ይታያል፣ ዕድሜ አይታይም አለኝ።

እዚህ ሰው ሀብት አስተዳደር ውስጥ ሙንታሲር የሚባል ጓደኛ አለኝ፣ የአሶሳ ልጅ ነው። ፋይሌን ይዞ እያገላበጠ «ወላሂ ሰራዊት፣ አንተ ወረቀት ላይ ሽማግሌ ነው፣ ጥርስ ላይ ልጅ ነው» አለኝ። የፋይሌ ዕድሜ የመጣው ከዚያን ጊዜ ካርድ ከታተመው ዝርዝር ነው። ጥር ሠላሳ ጡረታ እወጣለሁ ማለት ነው። ትልቋ ልጄ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ትንሹ አራተኛ ክፍል ነው። እኔ ሥራ ከፈታሁ የሁለቱም ትምህርት ያጠራጥራል። ደግሞም እውነቱን ልንገርዎት፣ ሳላረጅ ማርጀት አልፈልግም። ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት አውቶቡስ ውስጥ ተነሣልኝና ቤቴ ገብቼ መስታወት አየሁ።

ኮሚቴው ታኅሣሥ ሃያ ሦስት ይሰበሰባል። የካርዱ በሺ ካልመሰከረች በስተቀር አንሰማህም ብለውኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅዎት። ካርዱ በክረምቱ እርጥበት ተጣሞ ስለነበር ሕብረት በካውያ ተኮሰችው። ሲቀና የላይኛው ጠርዝ ላይ፣ ከዓምድ ሃያ ሦስት በላይ፣ አንዲት ትንሽ ጉርዳት አየሁ። ምንድን ነው? አይጥ የነከሰው ይመስላል።

አክባሪዎ
ሰራዊት


ፓዌ፣ መንደር 7
ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰራዊት፣

በካውያ! ካርድ በካውያ! ባለቤትህ የሸሚዝ ኮሌታ መሰላት? የራሰ ካርድ በፀሐይም በካውያም አይነካም። ከእንጨት ሳጥን ውስጥ ተደርድሮ፣ ላዩ ላይ ክብደት ተጭኖበት፣ ራሱ እስኪረጋ ይጠበቃል። እኛ ክረምት ክረምት የምንሠራበትን ካርድ እንደ ሕፃን ነበር የምናቆየው። ሕብረትን ሰላም በልልኝ፣ ግን አትድገመው።

እዚህ ዘንድሮ ዝናቡ ዘግይቶ ወጣ። አኩሪ አተሩ ጥሩ ነው። ጎረቤቴ አዲስ በር አሠራ፣ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው።

ስለ ጉርዳቷ የጠየቅኸኝን አየሁት። አይጥ ነው።

ሰብለወንጌል


አሶሳ
ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰብለወንጌል

እንደምን ሰነበቱ? ሕብረት ይቅርታ ጠይቃለች፤ ካውያውንም ከእኔ ደብቃዋለች፣ ለምን ከእኔ እንደሆነ አልገባኝም።

እትዬ፣ የጎረቤትዎን በር ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የጠየቅኩት ሌላ፣ የተመለሰልኝ ሌላ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ግምጃ ቤት ገብቼ የአምባችንን ሳጥን በሙሉ አወረድኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የዚያች አይጥ ጥርስ ያረፈባቸው አራት መቶ አሥራ ሁለት ካርዶች አገኘሁ።

አይጢቱ ሁሉንም የነከሰችው ከዓምድ ሃያ ሦስት በላይ ነው። አንድም ጊዜ ሃያ ሁለት ላይ ወይም ሃያ አራት ላይ አልሳተችም። ሁሉም ላይ በዚያ ዓምድ የተበሳው አንድ ነው። ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ ከእነዚህ ሴቶች ውስጥ ቢያንስ መቶ የሚሆኑትን አውቃቸዋለሁ፣ ጢማቸውን ይላጫሉ። ሙንታሲርን ጠርቼ አሳየሁት። «ይሄ አይጥ ደመወዝ አለው» አለኝ። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ናት፣ እኔ ግን ድንቢጧን አላገኘኋትም።

ከካርዶቹ አንዱ የፈንታ ነው። ፈንታ አብሮ አደጌ ነው፤ በአንድ ዓመት ይበልጠኛል፣ በወረቀትም እንዲሁ። አምና ስድሳ ሞላህ ተብሎ ጡረታ ወጣ። ቀበሌው ከስድሳ በላይ የሆነውን ነው የሀገር ሽማግሌ ብሎ የሚመዘግበው፤ ስለዚህ ፈንታ አሁን እርቅ ላይ ከፊት ይቀመጣል። ታላቅ ወንድሙ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበርና አይጢቱ አልነካችውም። ዛሬ በወረቀት ሃምሳ ሦስት ነው፣ ከታናሹ ጀርባ ቆሞ ይሰማል። ፈንታ ካርዱን ሳሳየው ጋቢውን ጥሎ እጄን ያዘኝ። «ሰራዊት፣ በእናትህ! ይህ ነገር ከወጣ ጡረታው ይቅር፣ ወንድሜ በየት በኩል ይተወኛል?» አለኝ።

እትዬ፣ ማንንም መጉዳት አልፈልግም። ግን እውነቱን ይንገሩኝ። አይጢቱ ማን ናት?

ልጅዎ
ሰራዊት


ፓዌ፣ መንደር 7
ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሰራዊት፣

የነከሰችው ቀነኒ ናት። እንድትነክስ ያደረግኋት ግን እኔ ነኝ።

ቀነኒ ከጎኔ ትቀመጥ የነበረች አረጋጋጭ ነበረች። እኔ ከቅጹ አይቼ ካርዱን እበሳለሁ፣ እርሷ ያንኑ ቅጽ ይዛ ያንኑ ካርድ በሌላ ማሽን ላይ እንደገና ትመታለች። ከተስማማን ማሽኑ ያልፋል። ካልተስማማን ቀይ መብራት ይበራል። ሦስት ጊዜ ሞክራ ካልተስማማን ማሽኑ ራሱ ከዚያ ዓምድ በላይ ካርዱን ነክሶ፣ የቀሩትን ዓምዶች ሳይነካ ይተፋዋል። «ይህ ዓምድ ከቅጹ ጋር አይገናኝም» ማለት ነው። የተነከሰ ካርድ ተጥሎ አዲስ ይበሳል፤ ሕጉ ይህ ነበር።

አሁን ለምን እንደሆነ ስማ። ራሽን የሚታደለው ካርዱ ተደምሮ በሚወጣው ዝርዝር ነበር። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሙሉ፣ ከአሥር በታች ግማሽ። በየወሩ መጨረሻ ደግሞ ከሰፈራው የሞቱ ሰዎች ዝርዝር ይመጣና ካርዳቸውን ከሳጥን መምዘዝ የእኔ ሥራ ነበር። የምመዛቸውን ካርዶች ሳያቸው አብዛኞቹ ዓምድ ሃያ ሦስት ላይ ዜሮ ያለባቸው ነበሩ። ዜሮ ስምንት። ዜሮ አራት። ዜሮ ሁለት። ወባው ነው ይሉናል። ወባው እውነት ነው፣ ግን ሙሉ የሚበላውን ለምን ይምረዋል? ሁለት ወር መዘዝኩ። በሦስተኛው ወር የእናንተ አምባ ቅጽ መጣና እጄ ዜሮን መምታት እንቢ አለኝ። ካርድ ላይ ከዜሮ ሥር ያለችው አንድ ናት። አንዲት መደዳ ዝቅ ማለት ብቻ ነው። ዝቅ አልኩ።

ከዚያ ደግሞ ስምንት ዓመቱ አሥራ ስምንት የሆነ ወንድ ልጅ ለውትድርና ይጠራል ብዬ ደነገጥኩ። ስለዚህ ሁላችሁንም ሴት አደረግኋችሁ። የቆጡን አወርድ ብላ እንደተባለው ነው፣ አንዱን ሳስተካክል አንዱ ይወድቅብኝ ነበር።

ቀነኒ የመጀመሪያው ካርድ ላይ ቀይ መብራት ሲበራባት ዞር ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። ማሽኑ ነከሰ። ካርዱን ወደ መጣያው ሳይሆን ወደ ሳጥኑ ከተተችው። አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ እንደዚያ አደረገች፣ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስም ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ይህን ብቻ ባደረግሁ ጥሩ ነበር። መደመሪያው ማሽን ግን ውጤቱን አትሞ አወጣ፦ አንድም ሕፃን የሌለበት፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ያላገቡ ልጃገረዶች የተጨመሩበት አምባ። ሕፃን ስለሌለው ትምህርት ቤት ይቆየው ተባለ። ለዚህ ይቅርታ አድርግልኝ፣ አላሰብኩትም ነበር። ወሬው ደግሞ ሌሎቹ አምባዎች ደረሰና በአንድ ሳምንት ውስጥ ስድሳ ሰባት ወንደላጤዎች ወደ እናንተ አምባ እንዛወር ብለው አመለከቱ። ከእነርሱ አንዱ በእግሩ ሄዶ አይቶ ተመለሰ ይባላል። ምን እንዳለ አልሰማሁም።

እንግዲህ እውነቱ ይህ ነው። እውነቱን ለኮሚቴው ብጽፍ አራት መቶ አሥራ አንድ ሰው ይናጋል፤ ፈንታም ከወንድሙ ጋር አይገጥምም። ተሳስቻለሁ ብዬ ብጽፍ ደግሞ ውሸት ነው። እኔ ተሳስቼ አላውቅም፣ ሰራዊት። ባሌ ሞቶብኛል፣ ጆሮዬ ጠፍቷል፣ ልጅ አልወለድኩም። ያለኝ ያ ወረቀት ነው። ተሳስታለች ተብሎ እንዲነበብብኝ አልፈልግም።

አስብበት ዘንድ ጊዜ ስጠኝ።

ሰብለወንጌል


አሶሳ
ታኅሣሥ 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ ሰብለ፣

አያስቡበት። ማመልከቻዬን ልተወው ወስኛለሁ፤ ሰኞ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ጡረታ ወጥቼ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። ሰው ሲያየኝ ገና ወጣት ነኝ፣ ይቀጥሩኛል።

ደብዳቤዎን ይዤ ባምባሲ እናቴ ዘንድ ሄድኩና አነበብኩላት። ያኔ የራሽን ቀን «ሰራዊት፣ ሴት፣ አሥራ ስምንት» ተብሎ ሲጠራ በነጠላዋ አፍንጫዬ ድረስ ጠቅልላ፣ ከኋላዬ ደገፍ አድርጋ ቁመቴን ለማስረዘም ድንጋይ ላይ ታቆመኝ ነበር። ሦስቱ ታናናሾቼም እንደዚያው፤ ትንሿ በእናቴ ጀርባ ታዝላ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው ተብላ ትቀበል ነበር። አዳዩ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። አራታችንም አለን እትዬ። አራታችንም።

እናቴ ነገሩን አንድ ሰካራም ጸሐፊ አበላሽቶት ነው ብላ ነበር የምታምነው። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ «ያንን ሰካራም ጠብቅልኝ» ብላ ስትጸልይ ኖራለች። አሁን ስምዎን እንድጽፍላት አዘዘችኝ። ለሰካራሙ የጸለየችው ሁሉ ወደ እርስዎ ይዛወር እንደሆነ ቄሱን እጠይቃለሁ ብላለች።

ወረቀቱ ግድግዳዎ ላይ ይኑር። ይገባዎታል።

ልጅዎ
ሰራዊት


ፓዌ፣ መንደር 7
ታኅሣሥ 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰራዊት፣

ማመልከቻህን እንዳትተው! ሰኞ ሄደህ ከሆነ ማክሰኞ ተመለስና አልተውኩም በል። ይህን ለሰዳም ሰጥቼ ሌሊቱን እንዲነዳ ለምኜዋለሁ።

ለእናትህ ሰካራም አለመሆኔን ንገራት። የሰካራሙን ጸሎት ግን አልመልስም።

የምስክርነት ቃሌ ከዚህ በታች ነው። አንብበው፣ አንዲት ቃል አትንካ፣ ለኮሚቴው ስጥ።

«ለሚመለከተው ሁሉ። እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተመለከተው የቀድሞ ካርድ በሺ፣ በ1976 ዓ.ም. የአቶ ሰራዊትን ካርድ ስበሳ በዕድሜ ዓምድ ላይ ዜሮ መምታት ሲገባኝ በቸልተኝነት አንድ መታሁ። በካርዱ የላይኛው ጠርዝ ላይ ያለው ጉርዳት ስህተቱ ያኔ እንደታወቀ ማረጋገጫ ነው። ካርዱ ተጥሎ አዲስ መበሳት ሲገባው ሳይበሳ ቀርቷል። አመልካቹ በወቅቱ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። በአገልግሎት ዘመኔ ይህ ብቸኛው ስህተቴ ነው። ሰብለወንጌል።»

ብቸኛው የምትለዋ ለሌሎቹ መሸፈኛ ናት፤ ሳጥኑን እንዳያወርዱት። ትንሽ ለራሴም ናት።

ሰብለወንጌል


አሶሳ
ታኅሣሥ 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተከበሩ እትዬ ሰብለ፣

እንደምን አሉ? ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሰኞ ማለዳ ነው፤ የቢሮውን ደረጃ እየወጣሁ ሳለ ሰዳም ከታች በጥሩንባ ጠራኝ። ማመልከቻዬ አልተነሣም።

ኮሚቴው ትናንት ተቀመጠ። አምስት ሆነው መጡ፣ ሰብሳቢው አቶ ይልቃል ናቸው። አቶ ይልቃል ጨዋ ሰው ናቸው፣ ግን ወረቀት ሲሳሳት ሰው የሰደባቸው ያህል ይቆጣሉ። ካርዱን በብርሃን ፊት ይዘው አዩት፣ ጉርዳቷን በጥፍራቸው ነኩ። ሙንታሲር የእርስዎን ቃል ቆሞ አነበበ። «በቸልተኝነት» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ፣ እርሱ አይጢቱን ያውቃታልና።

አቶ ይልቃል ወረቀቱን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «በሰው ዕድሜ የምትጫወት ሴት!» አሉ። «እንዲህ ያለች ዝርክርክ ሠራተኛ ናት አገር ያበላሸችው። አሥር ዓመት! እጇን ማሰር ነበር!» ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ ሳቀ።

እትዬ፣ ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም ብል ነገሩ አልቋል፣ አሥር ዓመቴ ጠረጴዛው ላይ ነው። እውነቱንም መናገር አልችልም፣ አራት መቶ አሥራ አንድ ሰው ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጧል። ሙንታሲር በዓይኑ «ተቀመጥ» ይለኛል። እኔ ግን ተነሥቼ ነበር።

«ክቡር ሰብሳቢ፣» አልኩ፣ ቀጥሎ ምን እንደምል ሳላውቅ፤ «ያን ዓመት ለስምንት ዓመት ልጅ የሚሰጠው ግማሽ ራሽን ነበር። ለአሥራ ስምንት ዓመት ሰው ሙሉ ነበር። ይህች ሴት ባትሳሳት ኖሮ፣ ዛሬ እናንተ የምትከራከሩበት ዕድሜ አይኖረኝም ነበር።»

የሳቀው ሰውዬ ብዕሩን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። አቶ ይልቃል ወረቀትዎን አንሥተው እንደገና ለብቻቸው አነበቡት፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ቃለ ጉባኤው ላይ «በቸልተኝነት» የሚለው እንዳይጻፍ አዘዙና ማኅተሙን ራሳቸው መቱት።

የሃምሳ ዓመት ልጅዎ
ሰራዊት